እስክመጣ እጇን አትልቀቂ

እየሩሳሌም ነጠላው የራሷ መሆኑን ያየችው ልጅቷ ከተጠቀለለችበት በኋላ ነው።

ጥለቱ ቢጫ ነበር። እማዋይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ የከረመችው ለክርስትናዋ ስለሚመጣላት፣ አረንጓዴ ጥለት ስላለው አዲስ ነጠላ ነው። ማን እንደሚያመጣው ልጅቷ አልተናገረችም፤ እየሩሳሌምም አልጠየቀችም። አሁን መምሬ ያሬድ ማተቡን አስረው ወደሚቀጥለው ሕፃን ዞረዋል። እማዋይ ውሃው ከፀጉሯ እየወረደ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ በቢጫው ጥለት ውስጥ ተሸጉጣ አንገቷ ላይ የታሰረውን ክር በጣቷ ትነካካለች።

"ቲቸር፣ አለቀ?"

"አለቀ፣ የኔ ቆንጆ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እየሩሳሌምን ደረቷ ላይ አንድ ነገር ቀዘቀዛት። በደስታ መሀል ክፉ ነገር መጠርጠር ከእናቷ የወረሰችው ልማድ ነው። ብርዱን ለዚያ ልማድ ሰጥታ ልጅቷን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። ብርዱ ግን አልለቀቃትም።

*

እየሩሳሌም ወደ መርሳ የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም። ወልድያ እናቷ ቤት ቁጭ ብላ ከርማ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ትንንሽ ልጆችን ወላጆቻቸው ከገበያና ከሥራ እስኪመለሱ መጠበቅ። እጅ ማስታጠብ፣ መክሰስ ማብላት፣ የቤት ሥራ ማሠራት፣ የተጣሉትን ማስታረቅ።

እናቷ አለሚቱ ሥራውን ገና ስትሰማ የታያት መኪና ነው። ቤቱ ለዋናው መንገድ ቅርብ ነው፤ አንዱ ልጅ አምልጦ ቢወጣስ? ቀጥሎ የታያት ከረሜላ ነው፤ አንዱን ቢያንቀውስ? የሰው ልጅ ነው፣ ለእናቱ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ እያለች ማታ ማታ ትደውላለች። የልጆቹ ነገር ሲያልቅባት ወደ ወንዶቹ ትዞራለች። መርሳ መንገደኛ የሚበዛበት ከተማ ነው፣ የማይሆን ሰው እንዳያታልልሽ፤ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያለው ሰው እንዳትቀርቢ፣ የሰው ልጅ አሳድገሽ ምስጋና የለውም። እየሩሳሌም እሺ እማዬ ትላለች። እንዲህ ስትል፣ እማዋይ የእሷ ክርን ላይ ተደግፋ ሥዕል ትስል ነበር።

የማቆያው ባለቤት ወይዘሮ ሃና በመጀመሪያው ቀን ያስተማረቻት አንድ ሕግ ነው። ልጅ የሚሰጠው ለሚወስደው ሰው ብቻ ነው፤ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ደግሞ በር ላይ የቆመ ልጅ እጁ አይለቀቅም። ዝናብ ቢመጣ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ሌላው ቢያለቅስ አይለቀቅም። ይህ ልጅ ማን አለው ተብለሽ ብትጠየቂ መልስሽ እኔ አለሁ ነው አለቻት። እየሩሳሌም ይህን ሕግ ወደደችው። ሌላው ሥራ ሁሉ ያስፈራት ነበር። እጅ መያዝ ግን የምትችለው ነገር ነው።

እማዋይ ሁልጊዜ መጨረሻ ከሚወሰዱት አንዷ ነበረች። አባቷ ይታገሱ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ማሳ ላይ የሚሠራ ቴክኒሽያን ነው፤ ትራንስፖርት አግኝቶ እስኪመለስ ይመሻል። እናቷ በዚያ በጦርነቱ ዓመት፣ ልጅቷ ገና ጨቅላ ሳለች፣ ወደ ደሴ ሲሸሹ ታማ በዚያው ቀረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀንም በስደት አለፈ። ከተመለሱ በኋላ አባትየው ዛሬ ነገ ሲል ልጅቷ አምስት ዓመት ሞላት።

ልጆች ምንም አያልፋቸውም። አንድ ቀን አንዷ የእማዋይን አንገት አይታ "ማተብሽስ?" አለቻት። የባለ ጨርቃ ጨርቁ ልጅ ሲራጅ "እኔም የለኝም" ብሎ ሊያግዛት ገባ። "አንተማ ሙስሊም ነህ፤ እሷ ምንድን ናት?" ተባለ። እማዋይ የሹራቧን አንገት ወደ ላይ ሳበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙቀቱ ቢያስጨንቃትም ሹራቡን አታወልቅም ነበር።

እየሩሳሌም ይህን ለልጅቷ አባት የነገረችው በር ላይ ቆመው ነው። ያኔ ገና "እርስዎ" ትለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማትና ሰው እየጠበቅሁ ነው አለ።

በኅዳር አንድ ምሽት በገመድ የታሰሩ ቡናማ የወረቀት ከረጢቶች ይዞ መጣ። ማሽላው ሲያብብ ከሌላው እንዳይዳቀል ራሱን የሚሸፍኑበት ነው፤ ሥራቸው አልቆ ሊጣሉ ሲሉ ለልጆቹ መሳያ ይሆናሉ ብሎ ለምኖ ያመጣቸው። እማዋይ አንዱን እራሷ ላይ አጥልቃ እኔ ማሽላ ነኝ አለች። ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ተጋጠመ፤ ሳቁ አለቀ፣ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

"ነገም አምጣልን" አለችው።

አምጣልን ማለቷን ልብ ያለችው ልጁን ይዞ መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው። ፊቷ ጋለ፤ ማንም ሳያያት ወደ ውስጥ ገብታ የተጣጠፈውን ምንጣፍ እንደገና አጣጠፈችው።

*

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ ረዘመ። በልጅቷ ሳል ይጀምራሉ፤ ሳሉ ከዳነ በኋላም ሌላ ነገር አይጠፋም። እሱ ወፍ ስለፈጀው ማሳ ይነግራታል፤ እሷ ልጆቹ ቀን ያሉትን ታወራለታለች። ስለ ራሳቸው ግን ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ያለ ዝምታ ደስ ይላል፤ ሰው ግን ምን ዓይነት አደጋ በውስጡ እንዳለ የሚያውቀው ከረፈደ ነው።

ወይዘሮ ሃና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ ሲያድርባት ግን ያማታል። አንድ ከሰዓት፣ ብርጭቆ እያለቃለቁ፣ ይታገሱ ሮዛን እየጠበቀ ነው አለቻት። ሮዛ የሟች ሚስቱ የአክስት ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ብዙ ቆይታ በቅርቡ ትመለሳለች። ሟቿ ልጄን አደራ ያለችው ለሮዛ ነው ይባላል። ልጅ ያለው ሰው የልጁን ዘመድ ቢያገባ ነው የሚያምርበት፣ ምን ይደረጋል አለች። ይህን ስትል የምታየው ብርጭቆውን ሳይሆን እየሩሳሌምን ነበር።

ይታገሱ ራሱ ደግሞ በጥምቀት ማግስት ፊቱ በርቶ መጣ። ሮዛ ገብታለች፤ የእማዋይ ክርስትና በመጪው እሑድ ሆነ አላት። እየሩሳሌም እንኳን ደስ ያለህ አለችው። አሜን አለ። ሮዛ ለምን እንደተጠበቀች ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ እየሩሳሌምም የምታውቅ መስሎት አላብራራም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንቺ ካልመጣሽ ውሃው ውስጥ አትገባልኝም፣ እባክሽ አብረሽን ነይ አላት።

እመጣለሁ አለች። ያን ማታ እናቷ ስትደውል ምን ሆንሽ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም አለቻት። ጉንፋን ነው አለቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቷ ስጋት ትክክል ሆኖ አገኘችው፤ ይህን ማመን ከራሱ ከሐዘኑ ይብስ ነበር።

*

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሱ። ዘመዶቹ ከውርጌሳ በሚኒባስ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። መኪናው ዳገቱ ላይ ቆመ የሚል ስልክ መጣ። ይታገሱ የጓደኛውን ሞተር ለመነ።

"ሮዛን ላምጣ" አለ። የእማዋይን እጅ አንስቶ እየሩሳሌም መዳፍ ውስጥ አደረገው። "እስክመጣ እጇን አትልቀቂ።"

ሮዛን ላምጣ። ሌሎቹን አልጠራም። እየሩሳሌም የሞተሩ ድምፅ መንገዱ ላይ እስኪጠፋ ሰማችው።

ክርስትናው ከቅዳሴ በፊት ማለቅ አለበት፤ ሕፃናቱ ከዚያ ይቆርባሉ። መምሬ ያሬድ አንድ በአንድ እየተቀበሉ እማዋይ ዘንድ ደረሱ። የዚህች የክርስትና እናት የታለች አሉ። እየሩሳሌም ከሚመጡት ዘመዶች አንዷ እንደምትሆን እንጂ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ መንገድ ላይ ናቸው አባቴ አለቻቸው። ጥቂት ጠበቁ። ዲያቆኑ መጥቶ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው። እንግዲያው ለሌላ እሑድ ይሁን አሉ።

እማዋይ ቀና ብላ አየቻት።

"ዛሬም አይሆንም?"

አላለቀሰችም። የሹራቧን አንገት ወደ ላይ ሳበች። ብታለቅስ ኖሮ እየሩሳሌም ታባብላት ነበር፤ ማባበል ሥራዋ ነው። ያቺ ትንሽ እጅ ሹራቡን ስትስብ ግን ምንም የምታደርገው አልነበራትም።

መምሬ ያሬድ የተያያዙትን እጆች አዩ። ማን እንደሆነች ጠየቋት። አስተማሪዋ ነኝ አለች። ማተብሽን አሳዪኝ አሏት፣ አሳየቻቸው።

"ታነሻታለሽ ወይ?"

እየሩሳሌም ክርስትና ማንሳት ምን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ልጁን ከውሃ የተቀበለችው እናቱ ትሆናለች፤ ከአባቱ ጋር ደግሞ አበልጅ። አበልጅ ዘመድ ነው፣ ከሥጋ ዘመድም ይጠብቃል። አበልጅ አይጋባም። ይህ ሁሉ በአእምሮዋ አለፈ። ከኋላው ደግሞ አንድ ሞተር ወደ ውርጌሳ ሲሄድ ታያት፤ ሲመለስ ኋላው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ታዲያ ምን አለኝና ነው የማጣው አለች በልቧ።

"እኔ አለሁ" አለች።

በየቀኑ በር ላይ የምትለው ቃል ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ድምፅዋ ግን ከሌላ ሰው የመጣ መሰላት።

*

ሮዛ የደረሰችው ቅዳሴው ሲጋመስ ነው። ሚኒባሱን ሲገፉ የነካት ግሪስ ቀሚሷ ጫፍ ላይ አለ። ሴቶቹ መሀል ተሹለክልካ ገብታ አጠገባቸው ቆመች። በእጇ የተጣጠፈ አዲስ ነጠላ ይዛለች። ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

እማዋይን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ እርጥብ ፀጉሯን፣ ማተቧን፣ ቢጫውን ጥለት። ማን አነሳት ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። እማዋይ በኩራት ቲቸር አለቻት።

ሮዛ አልተቆጣችም። አዲሱን ነጠላ በእርጥቡ ላይ ደርባ እያለበሰቻት እንባዋን ዋጠችው።

"እናቷ ለኔ ነበር የተናዘዘችው" አለች። "ክርስትናዋን ሮዛ ታንሳልኝ ብላ። እሱም እኔን ሲጠብቅ ነው ልጅቷ እዚህ የደረሰችው። ይሁን፣ እግዜር ያለው ነው የሆነው።"

እየሩሳሌም ቅዳሴውን መስማት አቆመች። ሰው ሊያገባት ያሰባትን ሴት ልጁን ክርስትና አንሺልኝ አይልም። ይታገሱ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቃት ሚስት ሊያደርጋት አልነበረም፤ ሊያደርጋት የፈለገው እየሩሳሌም አሁን የሆነችውን ነው። ያ በሯ ላይ የረዘመው ጊዜ፣ ያ ከሳቅ በኋላ የቀረው ዓይን፣ የማንም አልነበረም። የሷ ነበር።

ራሷን ቀና ስታደርግ በወንዶቹ በኩል ቆሞ አየችው። ልጁን ሳይሆን ከአረንጓዴው ሥር የወጣውን ቢጫ ጥለት ነው የሚያየው። ያንን ነጠላ ያውቀዋል። ዓይኑን ወደ ዓይኗ አነሳና ወዲያው መሬት ላይ ጣለው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አላነሳውም።

*

በድግሱ ላይ የክብር ቦታ ሰጧት። ሴቶቹ አበልጅ እያሉ አጎረሷት። ማታ ለእናቷ ስትነግራት አለሚቱ በረጅሙ ተነፈሰች። እሰይ፣ እንግዲህ ዘመድሽ ነው፣ ከእሱ ወገን የምፈራው ነገር የለም አለች፤ ልጇ ሥራ ከያዘች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተረጋግታ አታውቅም። እየሩሳሌም ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። እናቷ ደስ ሲላት መስማት እንዲህ ያማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሳምንቱን ልጅቷን የሚወስዷት የይታገሱ አጎት ጋሽ ሀብቴ ሆኑ። አንቱታቸው አይጣል ነው፤ እንደምን ዋሉ አበልጅ ብለው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። እሷም እግዜር ይመስገን ትላለች።

ዓርብ ግን ጋሽ ሀብቴ አልመጡም። ወይዘሮ ሃና ቁልፉን ትታላት ሄዳለች፤ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተወስደዋል። እማዋይ ውስጥ፣ በቡናማው ከረጢት ላይ ቤት ትስላለች። ይታገሱ መጥቶ ከደጃፉ ውጭ ቆመ። ከስቷል። ወትሮ አንድ እግሩን ደፉ ላይ ያደርግ ነበር።

"መምሬ ያሬድን ጠየቅኋቸው" አለ።

"ምን አሉህ?"

"ልጅህን ከውሃ የተቀበለችው እህትህ ናት አሉኝ። ሌላም ቦታ ሄጄ ጠየቅሁ። ያው ነው።"

መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፈ።

"ጋሽ ሀብቴ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ወልድያ እናትሽ ቤት ሊሄዱ ተነጋግረን ነበር" አለ። "ክርስትናው ባለፈ በሳምንቱ እሑድ።"

"የትኛው እሑድ?"

"ከነገ ወዲያ።"

እየሩሳሌም በሩን ያዘች። ብረቱ የቀኑን ሙቀት ገና አልተወም ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?"

የሟችን አደራ ሳላወጣ የሌላ ሴት ስም ማንሳት ነውር መሰለኝ አላት። መጀመሪያ የልጅቷ ነገር ይለቅ፣ ከዚያ በወግ በማዕረግ እጠይቃለሁ ብሎ ነው። ደግሞ የምታውቅ መስሎት ነበር፤ ሰው እንዲህ እያየ ሌላ ምን ሊል ይችላል ብሎ።

"እኔ እኮ ሮዛን ታገባለህ ብለውኝ ነበር።"

"ሮዛን?" ሊስቅ የጀመረ ይመስል ነበር፤ ፊቱ መሀል መንገድ ላይ ተወው። "ብትጠይቂኝ..."

"ብትነግረኝ..."

ሁለቱም አልጨረሱትም። ማናቸው የበለጠ እንዳጠፋ መመዘን ከጀመሩ የማያልቅ መሆኑን ሁለቱም ያወቁት ይመስላል። እጇን አትልቀቂ ያለው እሱ ነው። ያልለቀቀችው እሷ ናት።

"ያኔ ታነሻታለሽ ወይ ሲሉሽ" አለ፣ "አስበሽኝ ነበር?"

"አስቤሃለሁ።" ቀና ብላ አየችው፤ ከዚህ በኋላ እንዲህ እንደማታየው ታውቃለች። "የሰው መስለኸኝ ነው የተውኩህ።"

ይታገሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ትከሻው ሲነሳና ሲወርድ አየችው። እጇን ብትዘረጋ ይደርስ ነበር፤ አልዘረጋችም።

እማዋይ ሥዕሏን ይዛ ሮጣ መጣች። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራዋለች፤ ማተቧ ባዶ አንገቷ ላይ ከሩቅ ይታያል። በከረጢቱ ላይ አንድ ቤት አለ፣ ሦስት ሰዎችም ከበሩ ቆመዋል። ለአባቷ አንድ በአንድ አሳየችው፤ ይሄ አንተ፣ ይቺ እኔ፣ ይቺ ቲቸር። ከዚያ ወደ እየሩሳሌም ዞረች።

"አሁን እናቴ ነሽ አይደል?"

"የክርስትና እናትሽ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን እኛ ቤት አትኖሪም?"

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድማ ፈርታው ነበር፤ መልስ ግን አላዘጋጀችም። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቀሚስ ይዤልሽ እመጣለሁ አለቻት። ልጅቷ አበባ ያለበት ይሁን አለችና በዚያው ረካች። የልጅ ልብ እንዲህ ነው፤ እየሩሳሌም ቀናችባት።

ልጅ የሚሰጠው ለሚወስደው ሰው ነው። የእማዋይን እጅ ያዘችና ወደ አባቷ እጅ ዘረጋችው። ጣቶቻቸው በልጅቷ እጅ ላይ ተገናኙ። ማንም ቶሎ አልሸሸም፤ ማንም አጥብቆም አልያዘም። ከዚያ እሷ ለቀቀች።

ይታገሱ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሳይዞር ተናገረ።

"ደኅና ይደሩ፣ አበልጄ።"

ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ከሁሉ ሰው አፍ ሰምታዋለች። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ገና አሁን እውነት ሆነ።

"እርስዎም ደኅና ይደሩ" አለች።

እማዋይ ስለ አበባው ቀሚስ ስታወራ ድምፅዋ ከባጃጆቹ ጩኸት ጋር እየተቀላቀለ ሄደ። እየሩሳሌም ወደ ውስጥ ገባች። ምንጣፉን አጣጠፈች፣ እርሳሶቹን ሰበሰበች፣ መሬት የወደቀውን የእማዋይን ሥዕል አንስታ ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጎን ለጠፈችው። መብራቱን አጠፋች። ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናት። ይጩህ ብላ ተወችው።

ወጥታ የብረት በሩን ሳበች፤ ጓጉንቸሩን አስገብታ ቁልፉን አዞረች። ከዚያ እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳስለመደቻት፣ ምናልባት አልተዘጋ ይሆናል ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችው። አንዴ ጎተተችው፣ ደግማ ጎተተችው። ተቆልፏል።